ሦስት ጊዜ «አጥፍቻለሁ» ስላለው ኮርቻ ሰፊ

ኮልፌ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለክቡር የደጋጋሚ ወንጀለኞች ደንብ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣

ክቡርነትዎ፣ የክረምቱ ብርድ ወደ ቢሮዎ እንዳይዘልቅ፣ ወንበርዎም እንዳይጎረብጥዎ ፈጣሪን እየለመንኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በኮልፌ ገበያ ገመድና ጆንያ የምሸጥ፣ ሰፈሩም ለሽምግልና የሚጠራኝ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው፣ በስርቆት ሦስተኛ ጊዜ የተፈረደበት ሰው ከአምስት ዓመት በታች እንዳይታሰር ባወጣችሁት ደንብ ወህኒ ስለወረደው ጎረቤቴ፣ ስለ ኮርቻ ሰፊው መሸሻ ነው። ምስጋናዬን በተራ እነሆ።

፩. አገሪቱን ከመሸሻ ስላዳናችኋት እናመሰግናለን። የመጀመሪያ ወንጀሉ የሰው ገመድ በአህያው ላይ መገኘቱ ነበር፤ ሁለተኛው የጎረቤት ዶሮ ከእሱ ዶሮዎች ጋር ማደሯ። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ በሰኔ ነፋስ ከጎረቤቱ ከወይዘሮ ሰርኬ ጣሪያ የተገነጠለ ቆርቆሮ ግቢው ውስጥ ወደቀና፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ከዝናብ ይዳን ብሎ ወደ ቤት አስገባው።

፪. ባላገርነታችንን ስላረማችሁልን እናመሰግናለን። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው፣ በደለም አልበደለም፣ ቀድሞ «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ ከሳሽ ይለዝባል፣ ሁለቱም ተመርቀው ወደየቤታቸው ይገባሉ። መሸሻም ሦስቱንም ጊዜ ዳኛ ፊት እንዲሁ አለ። እኛ ጨዋነት የምንለውን ጸሐፊው የእምነት ቃል ብሎ መዘገበው።

፫. ወይዘሮ ሰርኬ ችሎት ቆመው ቆርቆሮውን የወሰደው ነፋስ መሆኑን ቢመሰክሩም፣ ዳኛው ተከሳሹ ራሱ ካመነ ወዲያ ደንቡ እጃቸውን እንዳሰረው በትሕትና ገለጹ። እጃቸው የታሰረው ዳኛ ምሳቸውን ሊበሉ ሄዱ፤ መሸሻ ወህኒ ወረደ። እስከ ሦስት ለመቁጠር ብቻ ከሆነ ግን ዳኛ ባላደከማችሁ፤ የሱቄ ዘበኛም ይችል ነበር።

፬. ደንቡ ይሻሻላል ስትሉ ሰምቼ ማሻሻያውን ጓጉቼ አነበብኩ። አምስቱ ዓመት እንዳለ ሆኖ፣ የሚፈረድበት ሰው ፍርዱን ቁጭ ብሎ እንዲሰማ ተፈቅዷል። ለጉልበታችን ስላሰባችሁ እግዜር ይስጥልን።

ክቡርነትዎ፣ «አጥፍቻለሁ» ብትል ቶሎ ይለቁሃል ብዬ ሦስቱንም ጊዜ መሸሻን የመከርኩት እኔ ነኝ። ሚስቱ ዘመነች ዛሬም መንገድ ላይ ስታየኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እንግዲህ ደንባችሁ አንድ ቀዳዳ እንኳ ካለው መሸሻን ወደ ችሎት መልሱልኝና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ቀርቤ ልናገር።

እስከዚያው ሰፈሩ ከእናንተ እየተማረ ነው። ባለፈው ሳምንት በግ የሰረቀ ጎረምሳ፣ የበጉ ቆዳ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ሳለ፣ በጉን በዓይኔም አላየሁ ብሎ ፊቴ ማለ። እኔም እጄን ዘርግቼ መረቅኩት።

ከክቡርነትዎ ወንበር እግር ሥር ዝቅ ብዬ፣ እውነት ማናገር የተውኩት ሽማግሌ፣

ረሻድ ሸረፋ
ከኮልፌ

ማሳሰቢያ፦ ወደ ወይዘሮ ሰርኬ ጣሪያ የተመለሰውን ያንኑ ቆርቆሮ ባለፈው ሐሙስ ነፋሱ ዳግመኛ ገንጥሎ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ጥሎታል። ፖሊሶቹም ከዝናብ ይዳን ብለው ወደ ውስጥ አስገብተውታል። አደራዎን፣ ማንም ቢጠይቃቸው «አጥፍተናል» እንዳይሉ ይምከሩልኝ።