ለኮሎኔል ፕሩዊት፦ መሻገሪያችን ላይ ስላቆሙልን ፉርጎዎች

ለተከበሩ ኮሎኔል ቴዲየስ ፕሩዊት
የባቡር መሥመሩ የበላይ ተቆጣጣሪ

ክሎቲልድ ከተማ፣ ጆርጂያ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1887

እንደምን ሰንብተዋል? ሰውነትዎ የጸና፣ እንቅልፍዎ የተሟላ፣ የቤትዎም ደጃፍ ወደፈለጉበት የሚያስወጣ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ካሉበት መጥቼ እጅ እንዳልነሣ ፉርጎዎችዎ ስለከለከሉኝ በጋዜጣ መጻፌን በትዕግሥት ይዩልኝ።

አንደኛ፣ ከተማችን እንዴት እንደተቆረቆረች በማስታወስ ላመስግንዎ። ከስድስት ዓመት በፊት በወፍጮው ኮረብታ ላይ፣ ነፋስ በሚገባበትና በአራቱም አቅጣጫ መውጫ ባለበት ቦታ ተቀምጠን ሳለ፣ ቀያሽዎ መጥተው ጣቢያው ከሐዲዱ በስተደቡብ ይሠራል ብለው ካስማ ተከሉ። እኛም ሰው ለቀልድ ካስማ አይተክልም ብለን ሠላሳ አንድ ቤቶቻችንን ከመሠረታቸው ነቅለን፣ በግንድ ላይ እያንከባለልን፣ በበቅሎ እያስጎተትን ሁለት ማይል አመጣናቸው። ባለቤቴ ሃና «ከቤቴማ አልወጣም» ብላ ቤቱ ሲሄድ እሷ ውስጡ ቁጭ ብላ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ቤቶቹን በስተደቡብ፣ ከረግረጉ ጥግ ደርድረን ስንጨርስ፣ ጣቢያውም ሱቁም ወደ ውጭ የሚወስደው መንገድም በስተሰሜን ተሠሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን ያፈሰስነው ቤት የሚያህል ነገር ነውና መልቀሙ ቸገረን።

ሁለተኛ፣ ሳይጠይቁን ከተማችንን በልጅዎ በወይዘሪት ክሎቲልድ ስም ሰይመውልናል። ልጅዎ በየዓመቱ ባሕር ዳርቻ እንደሚሄዱ ስለምንሰማ፣ በስማችን የሚዘዋወር ሰው በመኖሩ እንጽናናለን።

ሦስተኛ፣ ከኋላችን ረግረግ፣ ከፊታችን ሐዲድ ስለሆነ መሻገሪያችን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ጥጥ ሊጫንባቸው የመጡ ዐሥራ ዘጠኝ ፉርጎዎችዎ እነሆ ዘጠኝ ቀን ቆመዋል። ዞረን እንዳንሄድ የፉርጎዎቹ ሰልፍ በሁለቱም ጫፍ ረግረግ ውስጥ ይገባል። የጣቢያው ኃላፊ ሚስተር ጌይተር ወዲያ ማዶ ሆነው ትንባሆ እያኘኩ፣ «ምን ላድርግልዎት አባባ? ጎታቹ ባቡር ካልመጣ ፉርጎ በጸሎት አይገፋ! በሥሩ ሹልክ በሉ፣ ሰው ሁሉ እንደዚያ አይደል እንዴ?» ብለው መክረውኛል። ይህን ምክር አምና የሰማው ጎረቤቴ ሩበን ስታብስ አንድ እግሩን ሐዲዱ ላይ ትቶ ተመልሷል።

የሚቀጥለውን በቁጥር ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። የልጄ የአይዛያ ሚስት ሉቪኒያ ልትወልድ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። የመጀመሪያውን ያለ አዋላጅ ወልዳ ቀብራዋለች። አዋላጃችን እማማ ዶርካስ የሚኖሩት በስተሰሜን ነው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋልና በፉርጎ ሥር መዳህ አይችሉም። ሉቪኒያ በየጠዋቱ በረንዳው ላይ ቆማ ፉርጎዎቹን ትመለከታለች፤ እኔም ዘወር ስትል ፊቷን ማየት እፈራለሁ። ክቡርነትዎ፣ በገዛ ቤታችን ታስረናል፤ ያሰረን ሰው ደግሞ ማሰሩን እንኳ አያውቅም። የምንለምንዎ ሁለት ፉርጎዎች ተላቀው አንድ ጋሪ የሚያሳልፍ ክፍተት እንዲሰጡን ብቻ ነው።

ከረግረግና ከሐዲድ መካከል ሆኜ ባርኔጣዬን ከሩቅ የማነሣልዎ፣ ወዴትም የማልሄድብዎ ታማኝ ጎረቤትዎ፣

ኢፍሬም ታል፣ አናጢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳላሽግ ዛሬ ረፋድ ላይ ሉቪኒያን ድንገት ምጥ ያዛት። ልጄም መሻገሪያው ላይ የቆመውን ባዶ ፉርጎ ሁለቱንም የተቆለፉ በሮች ሰብሮ ከፈተ፤ እኛ እሷን ከወዲህ አንሥተን አስገባናት፣ እማማ ዶርካስን ከወዲያ ሰዎች ደግፈው አስገቧቸው። «አይዞሽ ልጄ፣ ደረስኩልሽ» ሲሏት በጆሮዬ ሰማሁ። ያን ጊዜ ዘጠኝ ቀን የጠበቅነው ጎታች ባቡርዎ በወዲያኛው ጫፍ መጥቶ፣ ፊሽካ እንኳ ሳይነፋ፣ ሁሉንም ይዞ ሄደ። ልጄ በሐዲዱ ላይ እየሮጠ ተከተላቸው፤ እስካሁን አልተመለሰም። ስለዚህ ልመናዬን ሰርዤ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ መሻገሪያው ወለል ብሎ ተከፍቷል። አሁን የምጠይቅዎ ወላዷንና አዋላጇን በየትኛው ጣቢያ እንዳወረዷቸው ብቻ ነው፤ ሕፃኑ ተወልዶ ከሆነም ሦስት ሆነዋልና፣ እባክዎ ሦስቱንም ይመልሱልን።