«ገዳይ» ያሉህ ዕለት

ወንድም ጋሼ፣

«እንደምን ሰንብተሃል» አልልህም፤ ያለህበትን አውቃለሁ። ዲላ ላይ የጦሩ ካሚዮን ወደ ሰሜን ጭኖህ ከሄደ ወዲህ ቡናው ሁለቴ ተለቀመ።

የቤቱን ወሬ ላውራህ። ጣራችን ቆርቆሮ ሆኗል። ከወናጎ የታጨችልህ ልጅ ነጋዴ አግብታ ደህና አድርጋ ወፍራለች፤ አንተን ስታነሳ ግን አሁንም ዓይኗ ይሞላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ የለቅሶህ ዕለት ነው። ጭሰኞቹ በለቀሙት ቡና የሚምነሸነሸው ባለርስት በበቅሎ መጥቶ ከፊት ተቀመጠ። ሙሾ አውራጇን «ስንት ሽፍታ ጣለ? እሱን በይ እንጂ!» ይላታል። እሷም አላሳፈረችው፤ «ሽፍታ እንደ ቅጠል ያረገፍክ፣ የኔ ገዳይ!» አለች። ሴቱ ደረቱን ደቃ። እማማ እንኳ ኮራ አለች መሰለኝ።

ከጦር ሜዳ የላክኸው የመጨረሻ ደብዳቤህ ጉያዬ ውስጥ ነበር። እንደ ልማድህ ገጹን በሰላምታ ሞልተኸው፦ ለእማማ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ቆጮ ለምትልክልን ጌዴኦዋ ባልንጀራችን፣ ለውሻችን ሳይቀር። ከሥር «ይህ ላንቺ ብቻ ነው» ብለህ የጻፍከውን ለማንም አንብቤ አላውቅም። ያን ዕለት ግን ተነሥቼ ሙሾውን አስቆምኩና አነበብኩት፦

«ጉድጓድ ውሃ አጠገብ አንድ ልጅ ገደልኩ። ከኪሱ ያልተላከ ደብዳቤ ወጣ። ቋንቋው ሌላ ቢሆንም ፊደሉ የኛው ነው፤ ስም በስም ላይ ተደርድሯል። እሱም እንደኔ መንደሩን ሁሉ ሰላም እያለ ነበር። ከዚያ ወዲህ የበላሁት አይረጋልኝም።»

ባለርስቱ «ይቺ ሴት ወንድሟን አዋረደችው!» ብሎ ተነሣ። ለካ አንተን ጀግና የሚልህ ገድለህ እስከኮራህ ድረስ ነው! የገዛ ልጁ አዲስ አበባ ይማራል፤ ሰሜንን በካርታ ነው የሚያውቀው። ቱ!

እማማ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ፣ «የዚያ ልጅ እናትስ ሰላምታው ደረሳት?» አለች።

ሙሾ አውራጇም ግጥሟን ትታ መጥታ ከእማማ አጠገብ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ እማማ ስትጸልይ ያንተን ስም ጠርታ «ያንንም ልጅ» ትላለች። እኔም እስካለሁ እንዲሁ እላለሁ። ስምህን ጠርቶ «ገዳይ» የሚል ደጄን አይረግጥም። ወንድሜ የበላው ያልረጋለት ሰው ነበር፤ ለጠየቀኝ ሁሉ የምናገረው ይህንን ነው።

እህትህ