ያሉት እና የሆነው

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እንደምንስ ከርማችኋል? ወገብህ እንዴት ነው? መሰላል ላይ ስትወጣ የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም እንደ ልማድህ «ደህና ነኝ» እያልክ ታልፈዋለህ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ቅባቱን እየተቀባች ነው ወይስ «ለክፉ ቀን» ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች? ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጅህ ሚጢጢስ የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለላት? እኔ ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም ብዬ ግን አልዋሽህም፤ ሰሞኑን ሐሳብ በዝቶብኛል። ምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

ባለፈው ደብዳቤህ «ቋሚ ሥራ ማግኘትሽን ግንባታው ላይ ላለው ሰው ሁሉ አወራሁ፤ ፎርማኑ ሳይቀር እንኳን ደስ ያለህ አለኝ» ብለህ ጽፈሃል። ሳነበው ደስም አለኝ፣ አፈርኩም። ወንድም ጋሼ፣ ለዚያ ሥራ እስካሁን አልፈረምኩም። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጪ ብለውኛል፤ እኔ ደግሞ እምቢ ማለት ፈልጌአለሁ። ያንተን ቃል ሳልሰማ ግን እሺም እምቢም አልልም። እባክህ ደብዳቤውን እስክትጨርስ አትቆጣኝ። ከተቆጣህም ቁጭ ብለህ ተቆጣ፤ ወገብህን እንዳያምህ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ኮት ነው። ከተመረቅሁ በኋላ ያሉትን ወራት እግሬ እስኪቀጥን ማስታወቂያ ሰሌዳ ለሰሌዳ ስዞር እንደነበር ታውቃለህ። የኬሚስትሪ ምሩቅ ይፈለጋል የሚል ወረቀት ሳይ እሮጣለሁ፤ ከሥሩ ደግሞ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው/ያላት» የሚል አለ። ልምዱን ከየት እንደማመጣው የሚነግረኝ አጣሁ። ስመረቅ የገዛህልኝ ነጭ ጋዋን ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ያየኛል፣ አየዋለሁ። ያ ቋሚ ሥራ ያለበት መሥሪያ ቤት ለመዝገብ ክፍሉ ሊፈትነኝ ሲጠራኝ አንዲቱን ደህና ኮቴን ይዤ ሰፈራችን ወዳለው ላውንደሪ ሄድኩ፤ እጅጌው ላይ የሆነ ነገር ነክቶት ነበር።

ባለቤቱን ደንበኞቹ «ጋሽ ነገ» ይሉታል፤ ማንም መጥቶ ልብሴ ደርሷል ወይ ቢል «ነገ» ነው መልሱ። ልብስ ተኳሿ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ከእጇ ካውያ ያልተለየች፣ «እትዬ ካውያ» የሚሏት ሴትዮ ናት። ጋሽ ነገ እጅጌውን ገልብጦ «ምንድን ነው የነካው?» አለኝ። ሻይ ነው አልኩት። እትዬ ካውያ ከእንፋሎቱ መሃል ቀና ብላ አየችውና «የዛፍ ሙጫ ነው» አለች። ክርክር ገጠምኩ፤ የተማርኩ አይደለሁም እንዴ። በኋላ አውቶቡስ ስጠብቅ የተደገፍኩት ዛፍ ትዝ ሲለኝ ምላሴን ነከስኩ። ኮቴን ወስጄ ብመለስም ልቤ እዚያው ቀረ። ገና ከሩቅ አይታ እንዴት አወቀች? ይህን ሳላውቅ ማደር አቃተኝ። በማግስቱ ፈተናዬን እንደጨረስኩ ተመልሼ ሄጄ መልሱ እስኪመጣ ልርዳችሁ አልኳቸው። ጋሽ ነገ «ነገ ነይ» አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም የእውነቱን ነበር።

ቤቱ አንድ ደንብ አለው። ከእያንዳንዱ ልብስ ጋር በመርፌ ቁልፍ የምትያያዝ ቁራጭ ወረቀት አለች። ላይዋ ላይ «ያሉት» ይላል፤ ደንበኛው ልብሱን ምን እንደነካው የተናገረው ይጻፍበታል። ከሥሩ «የሆነው» ይላል፤ እሱን የምትሞላው እትዬ ካውያ ናት። ሰው ስለ ልብሱ ይህን ያህል እንደሚዋሽ አላውቅም ነበር። ባለፈው አንዱ የሸሚዙን አንገት እያሳየ «ሻይ ነው» አለኝ። ሻይ የከንፈር ቅርጽ ይዞ ሲፈስ ያየሁት ያን ቀን ነው። እትዬ ካውያ ግን ማንንም አታሳፍርም። ያሉትን እንዳሉት አስጽፋ፣ የሆነውን በመድኃኒቱ ታስለቅቃለች። «ሰውዬውን አናጥበውም፤ እኛ የምናጥበው ሸሚዙን ነው» ትላለች።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ። አንዲት ሙሽራ ነጭ ቀሚሷን አመጣች፤ ልብስ ሰፊዋን መርፌ ወግቷት ጠብታ ደም ወገቡ ላይ አርፏል። ለሠርጉ ስድስት ቀን ቀርቶታል። እትዬ ካውያ ወጣ ብላ ስለነበር እኔ አንዲት ጠብታ ምን አባቷ ብዬ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት። ቀዩ ጠብታ ዓይኔ እያየ ቡናማ ሆነና ጨርቁን ጭምድድ አድርጎ ያዘው። እትዬ ካውያ ስትመለስ አየችውና ቀስ ብላ «አንቺ ልጅ፣ እንቁላል ቀቀልሽ እኮ» አለችኝ። ወንድም ጋሼ፣ ክው ብዬ ቀረሁ። ደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሙቀት ሲያገኘው እንደ እንቁላል ይረጋል፤ ይህንን ሁለተኛ ዓመት ላይ ለፈተና ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ወረቀቱ ላይ የማውቀውን ነገር ገንዳው ላይ አላውቀውም ነበር።

ሌላው ደንባቸው ደግሞ ያበላሸ ሰው ራሱ ለደንበኛው ይናገራል የሚል ነው። ሙሽራዋ ስትመጣ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ቀሚሱን ዘርግታ አየችው። ቀጥላ እንባዋን ጠረገችና «ቀዝቃዛ ቢሆንስ ኖሮ?» ብላ ጠየቀችኝ። ማስረዳት ጀመርኩ፤ እሷም መጠየቅ ጀመረች፤ ሁለታችንም ቀሚሱ ላይ አጎንብሰን ሰዓቱ ነጎደ። እትዬ ካውያ ሁለት ቀን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፋ አብዛኛውን አስለቀቀችው፣ ለቀረው ልብስ ሰፊዋ ከዳንቴል አበባ ሠርታ ደረበችበት። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ሐፍረቱ ነበረብኝ። ግን ከተመረቅሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ነቅቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ደብተር ገዛሁ። እትዬ ካውያ በእጇ የምታውቀውን እኔ ለምን እንደሆነ እጽፋለሁ። ለምን ዘይት በዘይት ይለቃል? ዝገትስ በሎሚ ለቆ፣ በረኪና ሲነካው ለምን ይብሳል? እሷ ለምኑን አታውቀውም፣ እኔ እንዴቱን አላውቀውም፤ ቀኑን ሙሉ ስንጠያየቅ ይመሻል። ጋሽ ነገ አሁን ከጓዳው አንዱን ጥግ ለቆልኝ ጠርሙሶቼን ደርድሬአለሁ። እየሠራሁ የማታ ትምህርት ቀጥዬ የጨርቅና የቀለም ኬሚስትሪ ማጥናት አስቤአለሁ። ነጩን ጋዋንም ከሚስማሩ አውርጄ ለብሼዋለሁ። ነጭነቱ ግን እንደ ድሮው ነው ብዬ አልምልልህም።

መሥሪያ ቤቱን ሳላየው የናቅሁት እንዳይመስልህ። ፈታኞቹ «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታይዋለሽ?» ሲሉኝ ያጠናሁትን አፌን ሞልቼ መለስኩ፤ በሐሳቤ ግን ሰብሳቢው ክራቫት ላይ ያለችው ነጠብጣብ የምግብ ዘይት ትሁን የማሽን እያልኩ ነበር። ማለፌን ሲነግሩኝ የምቀመጥበትን ክፍል ልይ ብዬ ሄድኩ። ጡረታ የሚወጡት አዛውንት መዝገብ ቤቱን ዞረው አሳዩኝ። እዚህ ሥራ ላይ ምን ነገር ያጓጓዎታል ብላቸው፣ አሰብ አድርገው «የምሳ ሰዓት» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንበሩ ይቆረቁራል ብለው የራሳቸውን ትራስ ሊተዉልኝ ቃል ገብተዋል። ትራሱን ሳየው ግን አመስግኜ ቶሎ ወጣሁ።

«ልብስ አጣቢ ልትሆኚ ነው የተማርሽው?» ትለኝ ይሆናል። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ መልሱን አዘጋጅቼ፣ ይህንን ደብዳቤም በሐሳቤ ጨርሼው ነበር። ያቆመኝ ሸሚዝህ ነው።

ያንተ የተማሪ ቤት ነጭ ሸሚዝ ትዝ ይልሃል? እማዬ አሳጥራ ለእኔ የሰፋችው፣ ትከሻው ላይ ቡናማ መስመር ያለበት። ቀለም ነው ትል ነበር፤ ከኋላህ የሚቀመጠው ልጅ እስክሪብቶ ሲያራግፍ የነካህ። እማዬም በየሳምንቱ በበረኪና ስትፈትገው ይብስበት ነበር። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለብሼዋለሁ፤ እዚህም አብሮኝ መጥቷል። ባለፈው ሳምንት አጥቤ ሳሰጣው ዓይኔ ትከሻው ላይ ቀረ። ውሃ ጠብ አደረግሁበት፤ ቀለም ቢሆን ይሸሽ ነበር፣ አልተንቀሳቀሰም። በእንጨት ጫፍ ትንሽ ሎሚ አስነካሁት፤ መሳሳት ሲጀምር ቶሎ ብዬ አጠብኩትና ተውኩት። ዝገት ነው ወንድም ጋሼ። አልዋጥልኝ ብሎ ከላውንደሪው ማዶ ወዳለው ግንባታ ሄጄ ሠራተኞቹ ፌሮ ሲሸከሙ ቆሜ አየሁ። ብረቱ የሚያርፈው እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ የሸሚዛቸው መስመርም ያው ነው።

አባባ ባረፈ በዓመቱ አንተ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ እኔ አራተኛ ነበርን። አንድ ቀን ደብተሮችህን አልጋ ላይ ወርውረህ «ሂሳብና እኔ ተጣልተናል፤ ጭንቅላቴ ድንጋይ ነው፣ የድንጋይ ቦታው ደግሞ ግንባታ ነው» አልክ። እኔም አምኜህ ሳቅሁ። እማዬ ያንን ሸሚዝ ስትፈትግ የነበረው ግን ከዚያ ከወራት በፊት ነው። አስታውሳለሁ፤ ያኔ ገና በየጠዋቱ እጄን ይዘህ ትምህርት ቤት ታደርሰኝ ነበር። እኔን በሩ ላይ ካስገባኸኝ በኋላ አንተ የት ትሄድ ነበር?

ለዚህ ነው መፈረሙም መተዉም ያቃተኝ። በአንተ ትከሻ የተማርኩትን ትምህርት እንዳሻኝ ላደርገው ይገባኛል ወይ እያልኩ አስባለሁ። ሸሚዙን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። በአሥር ደቂቃ ላስለቅቀው እችል ነበር፤ ሳልጠይቅህ እጄ እምቢ አለኝ። ወረቀት አያይዤበታለሁ። «ያሉት» በሚለው ላይ «ቀለም» ብዬ ጽፌአለሁ። «የሆነው» የሚለውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ አንተ ሙላው። ፈታኞቹ እኔን የጠየቁኝን ጥያቄ አንተን ማንም ሳይጠይቅህ ነው ያደግኩት። ስለ እኔ ሥራ እሺ ወይም እምቢ ከማለትህ በፊት ይህንን ጻፍልኝ፦ በዚያ ዓመት፣ ሸሚዙ ገና ነጭ ሳለ፣ ምን መሆን ትፈልግ ነበር?

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ቅባቱንም ትቀባ። ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የላከችልኝ ሹራብ በልኬ ሆኗል፣ እትዬ ካውያ እንኳ ስፌቱን አገላብጣ አድንቃዋለች። ሚጢጢን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝና አዲሱ ጥርስ ከመብቀሉ በፊት አሮጌው ለምን እንደሚወልቅ እንድትጠይቅህ ንገራት። ጎረቤታችንንም እንደምን ነዎት ብላለች በልልኝ።

ሸሚዙን ግን እማዬ እንዳታየው። በረኪናዋን ይዛ ትነሳለች።

እህትህ

ከላውንደሪው ጓዳ፣ ከጠርሙሶቼ አጠገብ
ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን