መስቀሎቹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ውድ እህቴ እትዬ ቬቱሪያ፣

እንደምን ከርመሻል? ብርድ ሲነካው የሚነሳብሽ ወገብሽ እንዴት አደረገሽ? ባልሽ ኮስቴልስ ደህና ነው? ያ ከጣሪያ ላይ ወድቆ የተሰበረ እጁ ተፍታታለት ወይስ አሁንም ብርጭቆ ሲያነሳ ያማርራል? ትንሿ ልጅሽ ዛምፊራስ? ጣልያንኛውን ከእኛው ሮማኒያኛ ጋር ደባልቃ ስታወራ የላክሽልንን ቪዲዮ እናታችን ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራች አሳይታለች። የምታስታምሚያቸው ሲኞራ ፒናስ ማንኪያ መያዝ ጀመሩ ወይስ አሁንም በእጅሽ ነው የሚጎርሱት? እኛ ደህና ነን። እናታችን ዳሌዋ እንደ ክረምቱ አያማትም፤ ያለ ምርኩዝ እስከ አጥሩ በር ትሄዳለች። የፕለም ዛፎቹም ማበብ ጀምረዋል።

ሦስት ጊዜ ደውለሽልኝ ስልኩን አላነሳሁም። ሥራ በዝቶብኝ እንዳይመስልሽ። ድምፅሽን ከሰማሁ መዋሸት እንደምጀምር ስለማውቅ ነው። እናታችንም “በአፍህ ከነገርካት ግማሹን ትውጠዋለህ፤ ቁጭ ብለህ በእጅህ ጻፍላት” ብላኛለች። ይኸው ቁጭ ብያለሁ፤ ሁለት ወረቀት ቀድጄ ጥያለሁ፣ ይህ ሦስተኛው ነው።

ማርች ሁለት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናታችን ሠላሳ አንድ ጊዜ ደውላልሽ ነበር። አንቺ ሲኞራ ፒናን ገላ እያጠብሽ ስልክሽ ወጥ ቤት ቀርቶ ነበር። በኋላ መልሰሽ ስትደውዪ አልቅሳ አልቅሳ “ናፍቀሽኝ ነው” ብቻ አለችሽ። ናፍቆት አልነበረም እትዬ። ሞተሻል ብላ ነው። እንደዚያ እንድታምን ያደረግኋት ደግሞ እኔ ወንድምሽ ነኝ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። እንደምታውቂው የኩባንያው ሥራ ከቤት ሆኖም ስለሚሠራ፣ እናታችንን ላስታምም ከገና ጀምሮ እዚሁ መንደር ነኝ። ከከተማ የመጣ ሰው መኩራራቱ አይቀርም፤ እኔም ተኩራራሁ። የማንን ስልክ አላስተካከልኩም፣ የማንን ቅጽ አልሞላሁም። በፌብሩዋሪ መጨረሻ አባ ቪሳሪዮን ሰው ልከው አስጠሩኝ። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ የሞቱት በየስማቸው በሚታሰቡበት በሙታን ቅዳሜ የሚያነቡት የመንደሩ የስም መዝገብ በትልልቅ ፊደል እንዲታተምላቸው ፈለጉ። መዝገቡን ከዓመታት በፊት ኮምፒውተር ላይ የጻፈው ነፍሱን ይማረውና የመዝሙር መሪው ጋቭሪል ነው። የወረቀቱን መዝገብ የደወል ቤቱ እርጥበት ከበላው ቆይቷል። የኮምፒውተሩም ቢሆን ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ሲገለበጥ ኖሮ በስሞቹ መካከል የማይረባ ምልክት ሞልቶበታል፤ ኮከቡ፣ የጥያቄ ምልክቱ፣ ባዶ ሳጥኑ መዓት ነው። አባ እየሳቁ “ጋቭሪል በመዝሙሩም እንዲሁ ነበር፤ ያልተጠየቀውን ጌጥ ይጨምራል” አሉኝ።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማጽዳት የዕለት ሥራዬ ነው። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የምንለው ነገር አለ፤ ለማሽኑ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ሳትቆጥሪ ዓይነታቸውን ብቻ የምትነግሪበት አጭር ትእዛዝ ነው። “ፊደል ወይም ክፍት ቦታ ያልሆነውን ሁሉ ፈልገህ አጥፋ” ትይዋለሽ፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳትገልጪ ይጨርሰዋል። የእኔ ትእዛዝ አሥር ምልክት ብቻ ነበረች። እንዲያውም የተጠነቀቅሁ መስሎኝ ነበር። ብዙ ጀማሪ የእንግሊዝኛውን ፊደል ብቻ አስቀርቶ ባለ ጭራና ባለ ቆብ ፊደሎቻችንን ከስማችን ላይ ይበላቸዋል። እኔ ግን የማንም ስም እንዳይጎድል የየትኛውንም ቋንቋ ፊደል እንዲያስቀር አድርጌ ጻፍኳት። አባን አስቀምጬ ይህንኑ አስረዳኋቸው፤ እሳቸውም ባይገባቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከዚያ የጸዳውን በዋናው ላይ ደርቤ አስቀመጥኩት፤ የድሮውን ቅጂ አላስቀረሁም። በእኛ ሙያ ይህን የሚያደርግ ሰው ይሰደባል። እኔ ራሴ ስንቱን ሰድቤአለሁ።

መስቀል ግን ፊደል አይደለም። ጋቭሪል እያንዳንዱን ቤተሰብ በሕይወት ያለውንም የሞተውንም በአንድ መስመር ነው የጻፈው፤ ሰው ሲሞት ከስሙ ፊት ትንሽ መስቀል ያደርግለታል። እሑድ እሑድ መስቀል የሌላቸው ለጤና ይነበባሉ፣ በሙታን ቅዳሜ ደግሞ መስቀል ያላቸው። ይህን እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ረግጬ አላውቅም። መስቀሎቹን አላየሁም ብዬ አልዋሽሽም፤ አይቻቸዋለሁ። የጋቭሪል ጌጥ መሰሉኝ። ለማሽኑ መስቀልና ኮከብ አንድ ናቸው፤ ያን ቀን ለእኔም አንድ ነበሩ። አባ ወረቀቱን ሲቀበሉኝ “ለቅዳሜው የሚነበበው ይኸው ነው?” አሉኝ። “አዎ አባ፣ ከላይ እስከ ታች ዝም ብለው ያንብቡት” አልኳቸው።

ቅዳሜ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ነበር። ሴቶቹ የኮሊቫ ሳህናቸውን ይዘው፣ በተቀቀለው ስንዴ መሐል ሻማ ተክለው ቆመዋል። እኔም እውነቱን ለመናገር ምስጋና ልሰማ ነበር የሄድኩት። ሦስተኛው ቤት ላይ አባ “ማራንዳ” ብለው አነበቡ። ጎረቤታችን እማማ ማራንዳ ከነሰማንያ አንድ ዓመታቸው ፊት ለፊት ሻማ ይዘው ቆመዋል። አባ ቀና አሉ፣ ከዚያ ቀጠሉ። ያን ጊዜ መስቀሎቹ ምን እንደነበሩ ገባኝ። “አባ፣ ይቁሙ፣ ስህተቱ የእኔ ነው” ማለት ነበረብኝ። አምስት ቃል ነው። አላልኳቸውም።

በሕይወት ያለው ከሞተው ጋር እየተቀላቀለ ተነበበ። ሰው መጀመሪያ ተያየ፣ ቀጥሎ አንሾካሾከ። የሰበካው ሊቀመንበር ጋሽ ሚትሩ የራሳቸውን ስም ሲሰሙ ሦስት ጊዜ አማተቡ። ከዚያ የእኛ ቤት ተራ ደረሰ። የአያታችን ስም፣ የአባታችን ስም፣ ከዚያ “ቬቱሪያ”። እናታችን እስከዚያ ድረስ አባ ዓይናቸው አስቸግሯቸው ነው ስትል ነበር፤ ያንቺን ስም ስትሰማ ግን ሌላ ነገር ነው የመጣባት። በውጭ አገር የሞተ ሰው መርዶ መጀመሪያ ለቄሱ እንደሚደወል ታውቂያለሽ፤ የመንደራችንን ልጅ የዳምያንን መርዶ ከስፔን የሰማነው እንዲያ ነው። ሳህኑን ለቀቀችው። ስንዴው ወለሉ ላይ ተበተነ፣ እሷም እዚያው ላዩ ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም። “መቼ ነው? መቼ ነው?” ብቻ ትል ነበር። ደግፌ አወጣኋት፤ ደጃፉ ላይ ሆና ስትደውልልሽ አጠገቧ ቆሜ ነበር። “አባ ተሳስተው ይሆናል” አልኳት። ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ስህተቱን ከእጄ ላይ አራግፌ በዚያ ሽማግሌ ትከሻ ላይ አኖርኩት።

መንደሩም እዚያው ተወው። አንዱ “አባ ጃጅተዋል” አለ፣ ሌላው “እኔን ከነነፍሴ ቀበሩኝ” እያለ በመጠጥ ቤቱ ሳቀ። በሳምንቱ ጋሽ ሚትሩ ወደ ቤታችን መጥተው “አንተ በማሽኑ ጎበዝ ነህ፣ ይህችን አሳምረህ ጻፍልኝ” አሉኝ። ለጳጳሱ ጽሕፈት ቤት የሚላክ ማመልከቻ ነው፤ የአባ ቪሳሪዮን አእምሮ ስለደከመ በሌላ ቄስ ይተኩልን የሚል። ጻፍኩት እትዬ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፤ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር አስተካከልኩ። ስልሳ አራት ሰው ፈረመበት። ጋሽ ሚትሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው “የተማረ ሰው እንዲህ ያስፈልጋል” አሉኝ፤ እኔም አመሰገንኳቸው።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ኖርኩ። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ እናታችን ከጎረቤት ሰምታ የመጣችውን አወራችልኝ፤ አባ ቪሳሪዮን የአናጢውን ልጅ አላጠምቅም ብለዋል። “ቃሉ መካከል ላይ ቢጠፋኝ ሕፃኑን እበድለዋለሁ፣ ሌላ ቄስ ፈልጉ” አሏቸው አሉ። አርባ ዓመት ሙሉ በቃላቸው የደገሙትን ጸሎት። እናታችን እንባዋን በመሐረቧ እየጠረገች “ያጠመቁኝ እሳቸው ናቸው የሚል መንደር ዛሬ ይስቅባቸዋል” አለች። ሁሉንም ነገርኳት። አልሰደበችኝም። ሳህኑን ከፊቴ አነሳችና “ሂድና ለአባ ንገራቸው፤ ከዚያ መጥተህ ትበላለህ” አለችኝ።

አባ ግቢያቸው ውስጥ የወይን ሐረግ እየገረዙ ነበር፤ አጥርተው አያዩም፣ ቅርንጫፉን በጣታቸው እየዳበሱ ነው የሚቆርጡት። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ትእዛዟን፣ መስቀሎቹን፣ ዝምታዬን፣ ማመልከቻውንም። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጡ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን እንዲህ አሉኝ፦ “ማራንዳን ሳነብ ቆም ብዬ ነበር። በዋዜማው ወተት ያመጣችልኝ ሴት ናት። ከዚያ፣ ቪሳሪዮን፣ ቀብረሃት ረስተሃት ይሆናል አልኩ። ወረቀቱን የተማረ ልጅ አጽድቶ ሰጥቶኛል፤ ከወረቀቱና ከራሴ አንዱን ማመን ነበረብኝ። ወተቱንም በሕልሜ ያየሁት መሰለኝ።” ይህን ብለው ወደ ሐረጋቸው ተመለሱ። እኔ ሰው ፊት በማልቀስ የማፍር ሰው ነበርኩ፤ ያን ቀን አላፈርኩም።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆሜ ተናገርኩ። የማጥፊያ ትእዛዝ፣ የምልክት ዓይነት ብዬ ስጀምር ጋሽ ሚትሩ “በሰው ቋንቋ ተናገር” አሉኝ። “መስቀሎቹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አባ ያነበቡት እኔ የሰጠኋቸውን ነው። እያወቅሁ ዝም አልኩ” አልኩ። ጋሽ ሚትሩ ኮፍያቸውን እያሻሹ መሬት መሬቱን አዩ።

የጠፋውን ማሽኑ ሊመልስልኝ አልቻለም፤ ለእሱ ሁሉም ስም እኩል ነው። ስለዚህ የየቤቱን ስም አትሜ እርሳስ ይዤ በር ለበር ዞርኩ፣ ሰው በገዛ እጁ መስቀሉን እንዲያደርግ። አንዳንዱ በሩን አልከፈተልኝም። እማማ ማራንዳ “ገዳዬ መጣህ? እንግዲህ እኔ ከሞትኩ የዘንድሮውን ድንች ማን ይተክላል? በል መቆፈሪያው ከበሩ ጀርባ ነው” አሉኝ፤ ግማሽ ቀን ቆፈርኩላቸው። የዳምያን ሚስት ግን እርሳሱን ይዛ ብዙ ቆየች። “መስቀሉን አንድ ጊዜ አስደርጌለታለሁ። አሁን ደግሞ በእጅሽ ድገሚው ትለኛለህ” አለችኝ። እናታችን የአያታችንንና የአባታችንን አደረገች፤ ያንቺ ስም ላይ ስትደርስ ወረቀቱን በመዳፏ ሸፍና ለእኔ መለሰችልኝ።

ጋሽ ሚትሩ ማመልከቻውን ሊያነሱ ከተማ ድረስ ሄደው ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሌላ ወረቀት አሳዩዋቸው፤ አባ ቪሳሪዮን ራሳቸው ከሥራዬ አሰናብቱኝ ብለው ከመንደሩ ቀድመው ጽፈዋል። እንዲያነሱት ለመንናቸው፣ እምቢ አሉ። እኔ ብቻዬን ሄጄ ብለምናቸው “አላበድክም ስላልከኝ አመሰግንሃለሁ። ግን ሦስት ሳምንት አብጃለሁ ብዬ አምኜ ኖሬአለሁ፤ አሁን ራሴን የማምንበትን ከየት ላምጣ?” አሉኝ። አዲሱ ቄስ ከፋሲካ በኋላ ይመጣል። ወጣት ነው፣ ኮምፒውተር ያውቃል አሉ።

እትዬ፣ ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ ድፍረቱ የለኝም። በዚያ ቅዳሜ ስላንቺ የተነበበውን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። ከፈለግሽ ተቆጪኝ፤ ደውለሽ ተቆጪኝ፣ አሁን አነሳዋለሁ።

ኮስቴልን እጁን እንዲያሳርፍ ንገሪልኝ፤ ሰላምታዬም ይድረሰው። ዛምፊራን በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ። ሲኞራ ፒናንም ባያውቁኝም ሰላም በያቸው። እናታችን በየቀኑ በፎቶሽ ላይ እጇን ታሳርፋለች፤ ለበዓሉ ትመጪ እንደሆን እንድትነግሪያት ትላለች። እማማ ማራንዳ “ከሞት የተነሳች ጎረቤትሽ ሰላም ትልሻለች” ብለህ ጻፍ ብለውኛል።

ዛሬ ደግሞ የተስተካከለውን መዝገብ ለአባ ቪሳሪዮን ስወስድ ወደ ቤት ተመልሼ ላንቺ ደብዳቤ እንደምጽፍ ነገርኳቸው። መቀሳቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “በሕይወት አለች አይደል?” አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁት። አልቀለዱም። “አለች አባ” አልኳቸው። “እንግዲያው ሰላም በልልኝ” አሉ።

ወንድምሽ ቴዎፊል
ፖያና ቴዩሉይ፣ ሮማኒያ
ማርች 31 ቀን 2019