ከካርቶኑ የወጣው ቅባት

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ዝናቡ ሲገባ እንደሚብስብሽ ስለማውቅ እዚህ ሰማዩ በደመነ ቁጥር የማስበው ያንቺን ጉልበት ነው። ደረጃውን ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትይዣለሽ? አብራሽ ያለችው እትዬ ቤሌን በደወልኩ ቁጥር «ደህና ናት» ትለኛለች፤ እሷ ግን ቤቱ ቢቃጠል እንኳ «ደህና ነን፣ ትንሽ ሞቅ ብሎናል» የምትል ሰው ስለሆነች አላምናትም። የደም ግፊትሽስ? መድኃኒትሽን በሰዓቱ ትውጫለሽ ወይስ አሁንም ለጎረቤት ታካፍያለሽ? አውሎ ነፋሱ የገነጠለው የጣራ ቆርቆሮ ተመታ? አሳማዋስ በሰላም ወለደች?

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው። ሥራዬም ያው እዚያው የአረጋውያን ማቆያ ነው፤ አዛውንቶቼን አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ ጠዋት እሰደባለሁ፣ ከሰዓት እመረቃለሁ። ይህ ደብዳቤ ግን እንደ ሌላው ጊዜ አጭር አይሆንም። የደረሰብኝን ነገር ግሎሪና ለእህቷ በስልክ ነግራታለች፤ እህቷ ደግሞ እናንተ ገበያ ዓሣ ትሸጣለች። እንግዲህ ወሬው ከዓሣው ጋር ተመዝኖ ቤትሽ ቢደርስ እንኳ እውነቱን ከራሴ ብትሰሚው ይሻላል።

እንደምታውቂው በመኖሪያ ፈቃድ ብቻ እናትን ማስመጣት አይቻልም፤ እናቱን የሚያስጠራው ዜጋ የሆነ ሰው ነው። እኔም ለዚህ ብዬ ዓመታት ጠብቄ የዜግነት ማመልከቻዬን አስገባሁ፣ ለቃለ መጠይቅም ቀን ተቆረጠልኝ። ከዚህ በታች የምነግርሽን ሁሉ ይህን በልብሽ ይዘሽ አንብቢው። አንድ ነገር ቢበላሽ የሚበላሸው ያንቺ መምጣት ነበር።

በዕረፍት ቀኖቼ የምሠራትን ትንሽ ሥራ ነግሬሻለሁ፤ አንቺ «ስለላ» የምትያትን። አንድ ድርጅት የሱቅ አድራሻ በስልኬ ይልክልኛል፤ እኔ እንደ ማንኛውም ገዢ ገብቼ ሻጩ ሰላም ይላል ወይ፣ መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ፣ ዶሮው ትኩስ ነው ወይ ብዬ አይቼ እጽፍላቸዋለሁ። ማን እንደላከኝ ለማንም አልናገርም። እዚህ ሥራ ውስጥ ያስገባችኝ ግሎሪና ናት፤ ከእኔ ጋር አዛውንት የምትንከባከበው፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው የመንደራችን ልጅ። እስከዚያች ቀን ክፉ ነገር አልገጠመኝም፤ አንድ ጊዜ መኪና ማጠቢያ ውስጥ መስኮቱን መዝጋት ረስቼ አብሬ ታጥቤ ከመውጣቴ በቀር።

ታዲያ የቃለ መጠይቁን ቀን እየጠበቅሁ ሳለ የመጣልኝ ሥራ «መድኃኒት ቤት» ይላል። መድኃኒት ቤትማ የለመድኩት ነው ብዬ የቀረውን ሳላነብ እሺ አልኩ። ስደርስ በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል፣ ውስጡ እንደ ባንክ ያብለጨልጫል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በር የሚያህል አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል። ነገሩ የገባኝ ቅጠሉን ሳይ ነው። ሐኪም ፈቅዶ ካርድ ለተሰጣቸው ሕመምተኞች ማሪዋና የሚሸጥበት ቤት ነው። መመሪያውን እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ጀርባዬን ያመመኝ መስዬ፣ ካርድ ሳይኖረኝ ወደ ውስጠኛው መሸጫ አስገቡኝ ብዬ እንድለምን ነው የሚለው። ያስገቡኛል ወይስ ይከለክሉኛል፣ እሱን ነበር ማወቅ የፈለጉት። ያኔውኑ መመለስ ነበረብኝ። ግን እኔ አንዴ እሺ ካልኩ እምቢ ማለት ሞቴ ነው፤ ይህን ደግሞ ከማን እንደወረስኩት አንቺም አታጪውም።

እንግዳ የሚቀበለው ኮዲ የሚባል ጺሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ጎልማሳ ነው። «ጀርባዬን» ልል አፌን ስከፍት አንደበቴ እምቢ አለኝ። ደህና ጀርባ ይዤ አመመኝ ብል እግዜር እውነተኛውን ያመጣብኛል ብዬ ፈራሁ። «እናቴን ጉልበቷን ያማታል» ብዬ ጀመርኩና ስለ አንቺ አወራሁት፤ ደረጃውን፣ ዝናቡን፣ ሩዝ ስትተክዪ የኖርሽበትን ጭቃ፣ ሁሉንም። ሰውየው አቋርጦ አላስቸገረኝም። ስጨርስ «እመቤት፣ ታሪክሽ አንጀቴን በልቶታል፤ ያለ ካርድ ግን ከዚህ በር አላሳልፍሽም። ቤቱን ያዘጉብናል። አንቺም ሰው ቤት ገብተሽ እንዲህ አትለምኚ፣ መዘዝ አለው» አለኝ። ከዚያ ለመጣ ሰው ሁሉ የሚሰጡትን ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ አቀበለኝ፤ ብዕር፣ ማስቲካና በክብ ቆርቆሮ ውስጥ ያለች ቅባት አለችበት። «ይቺ ለእናትሽ ጉልበት» አለና ሸኘኝ።

እማዬ፣ የኛን ሰው ታውቂዋለሽ። እዚህ አገር በነጻ የተገኘ ነገር ሁሉ መድረሻው ወደ ቤት የሚላከው ካርቶን ነው። የኔው ካርቶን ከሶፋዬ አጠገብ አፉን ከፍቶ ወራት ይቀመጣል፤ ሳሙና ሲረክስ ወደ እሱ፣ የታሸገ ሥጋ ወደ እሱ፣ ሆቴል ያደረ ሰው የሰጠኝ ሻምፑ ወደ እሱ። እኔም አላሰብኩም፤ እጄ ብቻውን ነው የሠራው። ቆርቆሮዋ ላይ «የእማዬ ጉልበት» ብዬ ጻፍኩና ለጎረቤትሽ ለጋሽ ኢስኮ በገዛሁት ካልሲ ጠቅልዬ ከታች ወሸቅኋት። በማግስቱ የሁላችንንም ካርቶን በመርከብ የሚልክልን ሽማግሌ፣ ጋሽ ቱሪንግ፣ መጥቶ በፕላስተር አሽጎ ወሰደው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ኑድል እየበላን ይህንኑ እንደ ቀልድ ለግሎሪና አወራኋት። እሷ ግን አልሳቀችም። ግሎሪና ሳትስቅ ስትቀር ነገር እንዳለ እወቂ። «አንቺ ሴትዮ ጤነኛ ነሽ? ለዜግነት ልትጠየቂ ማሪዋና ቤት ምን አስገባሽ?» አለችኝ። ኧረ ፍሎሪዳ ፈቅዷል አልኳት። «ዜግነት የሚሰጥሽ ፍሎሪዳ ነው እንዴ? የሚሰጥሽ የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ እሱ ዘንድ ያ ቅጠል ዛሬም ወንጀል ነው። እንዲህ ያለ ሱቅ ተቀጥረው ወለል የጠረጉ ሰዎች እንኳ ዜግነት ተከለከሉ ሲባል ሰምቻለሁ» አለችኝ። እኔም ምንም አልገዛሁም፣ ቅባት ብቻ ነው የሰጡኝ ብዬ ተከራከርኩ። «የታለ ቅባቱ?» ስትለኝ ነው ወሽመጤ ቁርጥ ያለው።

እዚያ በደሴቶቻችን በዕፅ ሰበብ ስንቱ ሰው እንደታሰረ፣ ስንቱም እንደወጣ እንደቀረ ለአንቺ አልነግርሽም። ካርቶኑ ጉምሩክ ላይ ቢፈተሽ ላኪዋ እኔ ነኝ፣ ተቀባይዋ አንቺ ነሽ፣ ፈርማ የምትረከበው እትዬ ቤሌን ናት፤ በዚያ ላይ ቆርቆሮዋ ላይ ያለው የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። ፖሊስ ያንን ደረጃ ሲወጣ፣ አንቺም ግድግዳ ይዘሽ ከኋላው ስትወርጂ ታየኝ። አለቀስኩ እማዬ፤ ሰው መሀል ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ላመጣሽ ስል ላሳስርሽ ነው ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ግሎሪና ክንዴን ይዛ ወደ መኪናዋ ጎተተችኝ። ጋሽ ቱሪንግ መጋዘን ስንደርስ ካርቶኖቹን ወደ ትልቁ ኮንቴይነር እየጫኑ ነው። ክፈትልኝ ብዬ ብለምነው ጭራሽ ተቆጣ፤ «የታሸገ ካርቶን አይከፈትም! አንዷ መነጽሬን ረሳሁበት ትላለች፣ አንዷ ከምራቴ ተጣልቻለሁና ሽቶዬን መልስልኝ ትላለች፤ እኔ የናንተን ጠብ ማስታረቅ ነው እንዴ ሥራዬ?» አለ። ግሎሪና ጆሮው ላይ አንድ ሁለት ቃል ስትለው ግን መልኩ ተለወጠ። «እኔንም ነው እንዴ የምታስበሉኝ!» ብሎ በዚያ ዕድሜው ኮንቴይነሩ ውስጥ ዘሎ ገባ። የኔን ካርቶን ከብዙ ካርቶን ሥር ጎትቶ አወጣው፤ መሬት ላይ ዘርግፈን ካልሲ በካልሲ ዳበስን። ቅባቷ ከመጨረሻው ጥንድ ውስጥ ወጣች። ጋሽ ቱሪንግ አገላብጦ አየና «ለዚህች ነው ወገቤን የሰበርሽው? በይ እንግዲህ ወገቤን ቀቢኝ» አለኝ። ከልቅሶዬ ሳልወጣ ሳቅኩ። ካርቶኑንም ይዤው ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ቃለ መጠይቁ ሳያልፍ አላስወጣውም ብዬ ማልኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ስደተኞችን በነጻ የምታማክር ወይዘሮ ዊግፎል የምትባል ጠበቃ አለች። ነገሬን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ገዝተሻል? አልገዛሁም። አጭሰሻል? በስመ አብ! ድርጅቱ ከፍሎሻል? ሪፖርቱን ገና አልላክሁም። ይህን ስላት ጠረጴዛውን መታ አድርጋ «እሰይ! እንዳትልኪው። ሥራውን ትቼዋለሁ በያቸውና ለዚያ ቤት አንዲት ሳንቲም እንዳትቀበዪ» አለች። መነጽሯን አድርጋ ቆርቆሮዋ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበች። ከማያሰክረው የቅጠሉ ዘመድ የተሠራ ነው፣ እዚህ ነዳጅ ማደያ ሳይቀር ይሸጣል አለችኝ። «የናንተ ጉምሩክ ግን ቅጠሉን አይቶ እንጂ ደቃቁን ጽሑፍ አንብቦ አይፈርድም፤ ማውጣትሽ ነፍስሽን አትርፎታል» አለች። ቅባቷን እዚያው ፊቷ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳት። ለቃለ መጠይቁም አብራኝ ልትገባ ቃል ሰጠችኝ፤ «የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ። እውነቱን፣ ባጭሩ። ባጭሩ ነው ያልኩሽ! ስምሽን ሲጠይቁሽ የአያትሽን ሠርግ እንዳትተርኪ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ጠያቂው ሰው ምን እንደሚያስብ ግን ልምልልሽ አልችልም አለች።

ቀኑ ደረሰ። የጠየቀኝ ሰው ፀጉሩ የሸበተ፣ ፊቱ ፈገግታ የማያውቅ ሰው ነው። ንባቡንና ጽሕፈቱን፣ የታሪክ ጥያቄውንም በደንብ አለፍኩ። ከዚያ «ሕገወጥ ዕፅ ይዘሽ፣ ሸጠሽ ወይም አዘዋውረሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አላውቅም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ጠበቃዬም ከዚያ በላይ አትበዪ ብላኛለች። አፌ ግን «አላውቅም፣ ግን» አለ። ወይዘሮ ዊግፎል አጠገቤ ዓይኗን ጨፈነች። አንዴ ከጀመርኩማ ማን ያቁመኝ? ስለላውን፣ ኮዲን፣ ካልሲውን፣ ጋሽ ቱሪንግ ኮንቴይነር ውስጥ መዝለሉን፣ ያንቺን ደረጃ ሁሉ ነገርኩት። ይህን ደብቄ ዜጋ ብሆን አንቺን ባየሁ ቁጥር ይቆጠቁጠኝ ነበር እማዬ።

ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። ገዝተሽ ነበር? አለኝ፤ አይደለም አልኩት። ተከፍሎሽ ነበር? አለኝ፤ አልተከፈለኝም አልኩት። ቅባቱስ? አለኝ፤ ቆሻሻ ውስጥ አልኩት። ወረቀቱን ገለጠ። ከዚያ ቀና ሳይል «የእናትሽ ጉልበት አሁን እንዴት ነው?» አለኝ። ዝናብ ሲመጣ ይብስባታል ጌታዬ አልኩት። ረጅም ነገር ጻፈና ውሳኔው በፖስታ ይደርስሻል ብሎ አሰናበተን። ስንወጣ ወይዘሮ ዊግፎል «ሁለተኛ ከአንቺ ጋር አልገባም» አለችኝ፤ ደረጃው ላይ ግን አቀፈችኝ።

ፖስታው ትናንት ደረሰ። ተፈቅዷል እማዬ! ቃለ መሐላው በሚቀጥለው ወር ነው። ግሎሪና ስትጮህ ጎረቤቶቼ ሌባ ገባ ብለው ወጡ። ካርቶኑንም ዛሬ ደግሜ አሽገዋለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የማስገባው ቅባቷ በነበረችበት ካልሲ ውስጥ ነው። መርከቡ ቀርፋፋ ስለሆነ ይህን ስታነቢ እኔ ምዬ ጨርሻለሁ፣ የማስገባውም የመጀመሪያ ማመልከቻ ስምሽ ያለበት ነው። ፓስፖርትሽን ካሁኑ አውጪ። ኤምባሲው ሲጠራሽ የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ፣ ባጭሩ። አደራ፣ ስለ ጉልበትሽ እንዳትጀምሪላቸው።

እትዬ ቤሌንን ሳሚልኝ፤ ደህና ካልሆናችሁ ደህና አይደለንም ትበል። ጋሽ ኢስኮን ሰላም በይልኝ፣ ካልሲው አገር ዞሮ ነው የመጣው በይው። ለትንሿ ክላሪሳ ቸኮላቱ ከፎጣዎቹ መሀል አለ፤ እናቷ ሳታገኘው ትድረስበት። ዓሣ ሻጯንም ሰላም በይልኝና ወሬው አሮጌ መሆኑን ንገሪያት። ጉልበትሽን እስከዚያው በኮኮናት ዘይት ብቻ እሺው፤ ሌላ ቅባት ማንም ቢሰጥሽ እንዳትቀበዪ። አዲስ ቤትም ተከራይቻለሁ፤ ጠባብ ነው፣ መስኮቱም ወደ መኪና ማቆሚያ ነው የሚያሳየው። በሩ ግን ከመሬት እኩል ነው እማዬ፤ አንድም ደረጃ የለውም።

ልጅሽ ፔርላ
ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ
ኦክቶበር 3 ቀን 2023