የሐይቁን ሰማይ ለምን ደበቅኸኝ?

ውዴ አያልነህ፣

ከተለያየን አራተኛ ወራችን ሊሞላ ነው። የሄድኸው ግንቦት ላይ ነበር፤ አሁን ጳጉሜን ልትገባ ሦስት ቀን ቀርቷታል። «እንዴት ነህ?» ብዬ ልጀምር አልሁና ለአንተ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ አይጻፍ ጠፋኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እውነቴን ይሁን አይሁን ግን እኔም አላውቅ። ሰሞኑን አንድ ነገር ሰምቼ ግራ ገብቶኛል፤ ከአንተ በቀር የምጠይቀው ስለሌለ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የጓዳውን ቆርቆሮ ንፋስ አንስቶት ነበር፤ ወንድምህ መጥቶ መልሶ መታው። ቀይዋ ላም ወለደች። ድንቹ ደህና ነው። ገብሱ ግን ዝናቡ ሳያባራ ደርሶ ቆመ። የክረምት መውጫ ገብስ እንዴት እንደሚያስጨንቅ ታውቃለህ፤ ሦስት ደረቅ ቀን ሳይገኝለት ከታጨደ ነዶው ላይ ይበቅላል፣ ከቆየ ደግሞ በረዶ ያራግፈዋል።

አንተ እያለህ ይህ የእኔ ጭንቀት አልነበረም። ከዜናው በኋላ የአየር ትንበያውን ትሰማለህ። ትንበያው ስለ ጣና ዙሪያ ያወራል እንጂ ዳባትንም ሆነ ደባርቅን በስም አይጠራም። ከዚያ ስልክህን ይዘህ ወደ ጓሮ ትወጣለህ፤ ስትመለስ «ነገ አይሆንም፣ ከነገ ወዲያ ይታጨድ» ትላለህ። ብዙውን ጊዜ ልክ ነበርህ። እኔ ደመና ልታይ የወጣህ ይመስለኝ ነበር። የሐይቁን ትንበያ ለእኛ አገር እንዲሆን በራስህ ጭንቅላት የምታስተካክለው ይመስለኝ ነበር። ደግሞ እኮራብህ ነበር፤ ይህን በሕይወት ሳለህ ነግሬህ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን አያ ፈንታሁን መጣና በራፉ ላይ ቆሞ የሐይቁ ሰማይ ምን እንደሚል ጠየቀኝ። የእሱም ገብስ ደርሷል። እኔን ለምን እንደጠየቀኝ ባይገባኝም አላውቅም ማለት አሳፈረኝ፤ ያንተን ቦታ ባዶ ያደረግሁት መሰለኝ። ስልክህን ከሳጥን አውጥቼ ቻርጅ አደረግሁት፤ ሬዲዮው ያለው እሱ ላይ ነዋ። በጣና ዙሪያ ለሦስት ቀን ደረቅ ይሆናል አለ። እኔም እንዳለ ወስጄ ነገርሁት። አጨደ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከተራራው የወረደ ዝናብ ከነበረዶው መጥቶ ያጨደውን አበሰበሰው። ሄጄ አየሁት። አያ ፈንታሁን አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የእኛው ገብስ ያኔ ገና እንደቆመ ነበር፤ መቼ እንደማሳጭደው ማንን ልጠይቅ?

በማግስቱ ስልክህ ጮኸ። የሚደውለው ሰው «ጎርጎራ» ተብሎ ተመዝግቧል። እኛ ጎርጎራ ዘመድ የለንም። ባነሳው የሴት ድምፅ ነው። ሰላም እንኳ ሳትል፣ «አንተ ሰውዬ ምን ነካህ፣ ክረምቱን ሙሉ ስልክህን ዘግተህ አሳዬን አበላሸህብኝ እኮ፤ ዛሬ ተራራው ጠቁሯል?» አለች። ሚስቱ ነኝ፣ እሱ አርፏል አልኋት። ከዚያ አላህ ይዘንለት ብላ ማልቀስ ጀመረች። ብዙ አለቀሰች፣ አያልነህ። ሰው ሐዘኔን ሲካፈለኝ ማመስገን ሲገባኝ ተናደድሁ። ለእኔ ባል እንዲህ የምታለቅሰው ማን ሆና ነው ብዬ ነው መሰለኝ።

ሐዋ ትባላለች። ሐይቁ ዳር አሳ እያደረቀች ትሸጣለች። ስንት ዓመት እንደሆናችሁ እሷም አታስታውሰውም፤ ማዳበሪያ ለሚያመጣው ሾፌር ልትደውል አንድ ቁጥር ስተህ እሷ ዘንድ ገባህ አሉ። በዚያች ሰዓት ዝናብ አሳዋን እያረሰባት ኖሮ፣ በንዴት እናንተ ዘንድም ይዘንባል ወይ ብላ ጠየቀችህ። ከዚያ ወዲህ አላቋረጣችሁም። ከሰዓት ተራራው ላይ የጠቆረው አመሻሽ ላይ እነሱ ዘንድ ስለሚወርድ፣ አንተ ስትነግራት አሳዋን ታስገባለች። ከሐይቁ ንፋስ ሲነሣ ደግሞ በማግስቱ እኛ ዘንድ ዝናብ ስለሚሆን እሷ ትነግርሃለች። በዓይን አልተያየንም አለችኝ። አመንኋት፤ ቆይቼ ደግሞ አላመንኋትም። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ስዋልል ዋልሁ።

የበቅሎዋን ጥርስ ሕመም ሳይቀር ትነግረኝ የነበርህ ሰው ይህን ለምን ደበቅኸኝ? አዋቂ መባሉን ወደኸው ነው? ቀብርህ ላይ «ሰማዩን የሚነግረን ሰው አጣን» ተብሎ ተለቅሷል። ዝም ብል የአያ ፈንታሁን ገብስ በእኔ ተበላሽቶ ሊቀር ነው፤ እውነቱን ብናገር ደግሞ አንተን ከመቃብርህ አውጥቼ የማዋርድህ መሰለኝ። ሁለት ቀን በደጁ ላለማለፍ ዞሬ ሄድሁ።

በሦስተኛው ቀን ሄድሁ። ያን እርጥብ ነዶ እየገለበጠ ነበር፤ አብሬው እየገለበጥሁ ሁሉንም ነገርሁት። ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ እኮ ለሐዋ ደውለሽ የነገርሽኝ መስሎኝ ነው ያጨድሁት፤ ሬዲዮማ እኔም ቤት አለ» አለኝ። በስሟ ጠራት። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል፤ የማላውቃት እኔ ብቻ ነኝ። «‹ሚስቴ ትቀናለች፣ ካወቀች ሰላም አገኛለሁ ብላችሁ ነው?› ይለን ነበር» አለና አፍሮ ወደ ነዶው ጎነበሰ።

መቅናቱንስ እቀናለሁ። ደባርቅ ገበያ ያቺ ድንች ሻጭ ሳቅ ብላ ስላጫወተችህ፣ እስከ ዳባት ድረስ መኪና ውስጥ አጠገብህ ተቀምጬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ የመጣሁት እኔው ነኝ። ታዲያ ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የአንተ? ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር ይህን ያህል ትፈራኝ ነበር? እኔ ራሴን የማውቀው በሌላ መልክ ነው። ለጎረቤት የሚነገር ለእኔ የማይነገር ሌላም ነገር ይኖር ይሆን እያልሁ ስልክህን አገላብጣለሁ፤ ምንም የለበትም።

ትናንት ጠዋት ለሐዋ ደወልሁላት። ተራራው ጠርቷል አልኋት። እሷም ንፋስ የለም፣ እጨዱ አለችኝ። አያ ፈንታሁንና ልጆቹ ገብተው አጨዱልን፤ እስካሁን ጠብታ አልወረደም። ልንሰነባበት ስንል ሐዋ፣ እሱ ስለ አንቺ ምን ይለኝ እንደነበር ልንገርሽ አለችኝ። ግን ዛሬ አይሆንም፣ ሌላ ጊዜ ትነግሪኛለሽ አልኋት። ተናድጄብህ ሳለ ደግ ነገር መስማት አልፈለግሁም።

አያልነህ፣ እኔና አንተ ተጣልተን ሳንታረቅ አድረን አናውቅም። አሁን ብቻዬን ተጣልቼሃለሁ፤ ብቻዬን መታረቅን ደግሞ አላውቅበትም። እስክታረቅህ ድረስ በየቀኑ አስብሃለሁ። ከታረቅሁህም በኋላ።

ሚስትህ
ዓለምነሽ