ላሳድገው ወይስ ይቅር

ሰኞ፣ ጥር 18

ዛሬም አልከፈትም አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ አጥፍቼ አበራሁት፣ ነቅዬ ሰካሁት፣ ለመንኩት፣ ሰደብኩት። የሥዕል ፕሮግራሙ ያችኑ ነጭ ሳጥን ያመጣና «ፈቃድሽን ማረጋገጥ አልቻልኩም» ብሎ ይዘጋል። ፈቃድማ አለኝ! ከፍዬበት የለም እንዴ!

አሥራ አንድ ሥዕል እዚያ ውስጥ ተቆልፎብኛል። የቀረችኝ አንዲት ናት፤ ልጅቷና አህያዋ ከገበያ ሲመለሱ። የልጆች መጽሐፍ ነው፣ በሕይወቴ የመጀመሪያው። የአዲስ አበባዋ አርታኢ ሰላም «እስከ ዓርብ ካልላክሽልኝ ለሌላ ሰዓሊ መስጠቴ ነው» ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። ክፉ ሆና አይደለም፣ እሷም ከላይ አለቃ አለባት።

የኮምፒውተሩ ሲስተም ደግሞ ወራት ሙሉ «ጊዜዬ አልፏል፣ አሳድጊኝ» ሲለኝ ነበር። እኔም «በኋላ» የሚለውን እየነካሁ አልፈዋለሁ። አሁን የተበቀለኝ እሱ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል።

አባባ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከአገር ቤት ከወገዳ ከመጡ ሳምንት ሊሆናቸው ነው። ቄስ ናቸው። ከጀርባዬ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፣ መሐል ላይ ያቆሙና ሥዕሌን ይተቻሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። በመጡ ማግስት የስክሪኑን ጥግ አይተው «ሁለት ሺህ ሃያ ስድስት? ይህ ደግሞ የማን ዘመን ነው? ገና ያልደረስንበትን!» አሉ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ሲልማ በሳቅ ሞቱ። ደስ ይበላቸው ብዬ ቀኑንም ሰዓቱንም በእኛ አደረግሁላቸው። «አሁን ሰው ሆነ» አሉና መረቁኝ። ምርቃቱ ለኮምፒውተሩ አልደረሰውም እንጂ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግነው ሙሉቀን ጋ ሄድኩ። ኮምፒውተሩን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ልክ እንደታመመ ሕፃን። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ካልተሰካ አይሠራም። ሙሉቀን ሰካው፣ ያችን ነጭ ሳጥን አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ።

«ሲስተሙ አርጅቷል። አፕግሬድ ይፈልጋል።»

«ይችለዋል?»

«በደንቡ አይፈቀድለትም። እኔ ግን በጉልበት አስገባዋለሁ።»

በጉልበት!  ስለ ብዕሩ ጠየቅሁት። ከኮምፒውተሩ ጋር ሰክቼ የምሥልባት ሰሌዳና ብዕሯ አሮጌ ናቸው፣ ከአንድ ተመራቂ ተማሪ ነው የገዛኋቸው። እንዲህ ዓይነቱ አሁን አይመረትም ይላሉ። ሙሉቀን ራሱን አከከ። አንድ ልጅ ሲስተሙን ካሳደገ በኋላ ብዕሩ እምቢ ብሎት ቀርቷል አለኝ። ለምን እንደነገረኝ አላውቅም። ሐቀኛ መሆኑ ነው መሰለኝ፣ ግን ምናለ ዝም ቢል?

ቤት ገብቼ ሳሰላስል ዋልኩ።

ባሳድገው፦ ብዕሩ ሊሞት ይችላል። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ማሽኑም አብሮ ሊሄድ ነው። ሥዕሎቹስ?

ባላሳድገው፦ እንደተቆለፈ ዓርብ ይደርሳል። አለቀ።

ደብረ ታቦር ወስጄ ሌላ ሰው ላሳይ ብል መኪናው አንድ ቀን ይወጣል፣ ሁለት ቀን ይቀራል። ሄጄ እዚያው ብቀርስ?

ረቡዕ፣ ጥር 20

ኔትወርክ የለም። ያችን ሳጥን ከነስክሪኑ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለሰላም ልልክላት፣ ጥቂት ቀን ጨምሪልኝ ልላት ነበር። ፎቶው ይሄዳል ይሄዳል፣ ይቆማል። ስልኬን ይዤ ግቢውን ዞርኩት፣ አጥር ላይ ወጣሁ። ጎረቤቶቼ አበደች ሳይሉ አልቀሩም።

ዛሬ አባባን ተቆጣኋቸው። ጉድ ነው። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን የመጨረሻዋን ሥዕል ንድፍ እያዩ «ልጄ፣ ይህች አህያ ናት ወይስ በቅሎ?» አሉኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። «እባክዎ አባባ፣ ተዉኝ!» ብዬ ጮህኩ። ጮህኩባቸው! ዳዊታቸውን ዘጉ። በቀስታ «ጆሮዋን አሳጥረሽባት ነው፣ ሌላ ነገር የለባትም» አሉ።

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እውነታቸውን ነው፣ ጆሮዋ አጭር ነው። የሚያናድደው ደግሞ እሱን ለማስተካከል እንኳ ፕሮግራሙ አለመከፈቱ።

ማታ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ነገ አስተርእዮ ማርያም ነው፣ ሥራ የለም፣ ዕረፊ» አሉኝ። ዕረፍት አሉ!

ሐሙስ፣ ጥር 21

ቤተ ክርስቲያን ዋልን። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ያበራል፣ እኔ በውስጤ ሲስተም ሲስተም እላለሁ። ሌላ የምለምነው ጠፍቶ እመቤቴን ስለ ኮምፒውተር ለመንኳት። ይቅር ትበለኝ።

ስንመለስ አባባ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ቀስ ይላሉ፣ እኔም ቀስ እላለሁ። መንገድ ላይ የአገራችን ሰው አገኘን፤ ለገበያ ከወገዳ የመጡ። አባባ ገና ሰላምታውን ሳይጨርሱ «ይህች ናት መጽሐፍ የምታሳትመው ልጄ» አሉ። ሰውየው እጄን ስመው «እኛም ሰምተናል፣ ወገዳ ሁሉ ያወራል» አይሉም? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የትምህርት ቤቱን የጽሕፈት ሥራ ትቼ ሥዕል እሥላለሁ ስል ዘመድ ሁሉ ሲያዝንልኝ አንድም ቃል ያልተናገሩኝ አባባ ናቸው። ለካ አገር ለአገር ሲያወሩልኝ ኖረዋል። አሁን መጽሐፉ ቢቀር እኔስ እሺ፣ አፍሬም እኖራለሁ። እሳቸው ግን ምን ይበሉ?

ሙሉቀንንም ደጀ ሰላሙ አጠገብ አገኘሁት። «ወስኚ እንጂ። ነገ በጠዋት ይዘሽው ነይ» አለኝ።

ወሰንኩ። ይደግ። የመጣው ይምጣ።

ዓርብ፣ ጥር 22

ከየት ልጀምር? 

ሦስት ሰዓት ላይ ሙሉቀን ሱቅ ደረስኩ። አዲሱ ሲስተም ያለበትን ፍላሽ ሰካ። «ያለውን ሁሉ ልጠርግልሽ ነው፤ ሥዕሎቹ እንዲተርፉ እሞክራለሁ፣ ግን አልምልም። እሺ በዪ» አለኝ። እሺ ልል አፌን ከፈትኩ፣ መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጭልም አለ። እኔም አብሬ ጨለምኩ።

ጠበቅን። ሙሉቀን ሻይ አስመጣ፣ ሳልነካው ቀዘቀዘ። እኩለ ቀን አለፈ። ሰላም ለሌላ ሰዓሊ ስትደውል ይታየኛል። በዚህ መሐል ስልኬ ኪስ ውስጥ ተንጫጫ። ኔትወርክ! የረቡዕ ፎቶ በራሱ ጊዜ ሄዷል። ብዙም ሳይቆይ ያው ፎቶ ተመልሶ መጣ። ሰላም የስክሪኑን ጥግ በቀይ ከብባዋለች። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «እህቴ፣ ኮምፒውተርሽ እኮ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። ፕሮግራሙን ገና ያልገዛሽበት ዘመን ላይ ሆነሽ እንዴት ይመንሽ? ቀኑን በፈረንጅ አድርጊና ሞክሪ። እስከ ነገ ጠዋት እጠብቅሻለሁ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ለሙሉቀን ሰጠሁት። አነበበና ግንባሩን መታ።

«እኔም እኮ ማክሰኞ አይቼዋለሁ! ቀኑ ልክ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት።»

ልክ ነበራ! ለእኔም ልክ ነበር። ጥር፣ አምስተኛ ወር፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት። ስንቴ አየሁት፣ ምኑን ልጠርጥር?

መብራት ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። «ፍላሹን ንቀልልኝ!» ብዬ ስጮህ የመንገድ ሰው ዞሮ አየን። ቀኑን ቀየረው፣ ሰዓቱንም። ፕሮግራሙን ነካሁት። ነጭ ሳጥን የለም። አሥራ አንዱም ሥዕል፣ አንድ በአንድ፣ እንደነበሩ። ይዤው የመጣሁትን ብዕር አስነካሁት፣ መስመር ሠራ። ሙሉቀንን አቀፍኩት፣ ደነገጠ ምስኪን።

ያ መብራት በዚያች ደቂቃ ባይጠፋ ኖሮ! 

ማታ አባባ «ሕመሙ ምን ኖሯል?» አሉኝ። «የመብራት ነገር ነው አባባ፣ ተስተካክሏል» አልኳቸው። ምን ልበላቸው? እርስዎን ደስ ላሰኝ ብዬ ልበል?

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ማልጄ ተነሥቼ የአህያዋን ጆሮ አስረዘምኩ። ከልጅቷ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎኗ አደረግኋት፣ ሁለቱም ደክሟቸዋል፣ ጆሮዋ ወደ ልጅቷ ዘንበል ብሏል። እየሠራሁ አባባ ከቅዳሴ ተመልሰው ከኋላዬ እንደቆሙ አላወቅሁም።

«አሁን አህያ ሆነች» አሉ።

ደስ ብሎኝ ዞር ስል ዓይናቸው አህያዋ ላይ አይደለም፣ ጥጉ ላይ ነው። ሁለት ሺህ ሃያ ስድስት። እኔ ደግሞ ማታ የዋሸሁትን ረስቼ አልሸፈንኩትም።   ብዕሩን የያዘ እጄ አየር ላይ ቀረ።

ተመልሰው ተቀመጡ። ዳዊታቸውን ገለጡ። አላነበቡም።

አሥራ ሁለቱንም ልኬያለሁ። አሥራ አንዱ ደርሷል፣ «ቆንጆ ናቸው» ብላለች ሰላም። አሥራ ሁለተኛዋ እየተንፏቀቀች ነው፣ ኔትወርኩ ሲመጣ ትሄዳለች፣ ሲጠፋ ትቆማለች። አሁን ይህን ስጽፍ ግማሽ ላይ ናት። ዓይኔን ከእሷ ላነሳ አልደፍርም።

ሲስተሙም አላረፈም፣ አሁንም «ጊዜዬ አልፏል፣ አሳድጊኝ» ብሎ ብቅ አለ። እውነቱን ነው፣ አንድ ቀን ማሳደጌ አይቀርም። ዛሬ ግን እንኳን እሱን ስክሪኑንም መንካት ፈራሁ። «በኋላ» አልኩት።

አባባ ጠሩኝ። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ልጄ፣ እሱን በሠሩት ሰዎች ዘመን ተዪው። የእኛን እኔ እነግርሻለሁ። ዛሬ ጥር ሃያ ሦስት ነው፣ ጊዮርጊስ።»